ዶክተርኮ

ዶክተር አይደለሁም። ይህችን አጭር ቃል አዳማ ውስጥ 22 ዓመት ሙሉ መናገር ሲገባኝ ዋጥኳት። የተማርኩት ድራጊስትነት ነው። ፍራንኮ ሰፈር ከአንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ነጭ ጋዋን ለብሼ ስቆም ግን ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ» እል ነበር። ቆየት ብዬ ተውኩት። ከዚያ ለመድኩት፤ ብሎም ወደድኩት፤ በመጨረሻ «ወንድሜ» ብሎ የሚጠራኝ ደንበኛ ሲመጣ ቅር ይለኝ ጀመር።

ከወንጂ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸው የሚሉኝ «ዶክተርኮ» ነው። በኦሮምኛ «የኔ ዶክተር» ማለት ነው። እኔም «አዴ» እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፈውም። ልጆቻቸው ዛሬም ፖስታ ቤት ጋ ሲያዩኝ ባጃጅ አስቁመው ወርደው ሰላም ይሉኛል፤ በዚህ ጊዜ የማቀረቅረው እኔ ነኝ።

ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን ለስኳር ፋብሪካው ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖረው በጡረታ የወጡ ናቸው። አዴ ግፊት ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በየወሩ ከእኔ ይወስዳሉ። ስለካቸው ብዙ ጊዜ 150 በ90 አካባቢ ነው። ጥሩ ደንበኛ ነበሩ፤ ጥሩ ስል በዱቤ ወስደው ጡረታ በሚወጣበት ቀን የሚከፍሉ ማለቴ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መጡ። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ሰው በኅዳር መከናነብ አይገርመውም። ወጥቼ ሰላም ልላቸው ጉንጬን ሳቀርብ ግን ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ቀኝ ፊቴን ኮረንቲ ይይዘኛል» አሉኝ። «ሽው ብሎ ይመጣል፣ እስክጮህ ይይዘኛል፣ ይለቀኛል። ፊቴን ስታጠብ፣ እንጀራ ሳላምጥ፣ ነፋስ ሲመታኝ።» ከዚያ ደረት ኪሴን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደም ብዛቴ ነው መሰለኝ ፊቴ ላይ የወጣው» አሉ።

ሳቅሁ። ኑዛዜዬ የሚጀምረው ከዚህ ሳቅ ነው። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አዋቂ ነኝ ባይ በማያውቅ ላይ የሚስቃት፣ ትከሻ መታ መታ የምታደርግ ዓይነት ሳቅ ናት። «አዴ፣ ደም ብዛት ራስ ያዞራል እንጂ ፊት አይነዝርም። እስቲ አፍዎን ይክፈቱ» አልኳቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ያየሁት ምንድን ነው? የወንጂ ጥርስ።

እዚህ ላይ ለደጋ አንባቢ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። የስምጥ ሸለቆ ሰው ሲስቅ የት እንዳደገ ይታወቅበታል። ከወንጂ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ባቱ፣ እሳተ ገሞራ ከተፋው አለት ውስጥ ፍሎራይድ እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ የወንጂ ካምፖች የድሮ ጉድጓዶች ግን ይህን በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ፋብሪካውን ተክሎ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ ከየአገሩ ለሥራ የመጣው ሕዝብ ያንን ውሃ ጠጣ። በዚያ ውሃ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ፤ ለረጅም ዓመት የጠጡ አዋቂዎች ደግሞ አንዳንዶቹ አጥንታቸው ደርቆ፣ አንገታቸው አልዞር ብሎ ቀሩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይህንኑ የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ለዓመታት አጥንተዋል። በዚህ ምክንያት በእኛ አገር ፊቱን ያመመው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጠረው ጥርሱ ነው። ቡናማ ጥርስ ደግሞ በማየት ብቻ ወንጀለኛ ይመስላል። የበለዘ ጥርስ መልኩ ይከፋል እንጂ በመብለዙ ብቻ እንዲህ ሰው እንደማያስጮህ አውቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ያወቅሁትን ረሳሁት።

«ጥርስዎ ነው» አልኩ። እርግጠኛ ሆኜ። አንድ ስትሪፕ ዲክሎፌናክ፣ 50 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስቴ ከምግብ በኋላ ብዬ ሰጠኋቸው። ጥርስ ወደሚነቅል ሰውም ላክኋቸው። መጀመሪያ አንዱ መንጋጋ ተነቀለ። ሁለት ሳምንት ቆይተው መጡ፤ ኮረንቲው አልለቀቃቸውም። ሁለተኛው ተነቀለ። በጥር ሦስተኛው። ሦስቱም ከቀኝ በኩል ነበሩ። የነቀለው ሰው አንደኛውን በጋዝ ጠቅልሎ ሰጥቷቸው ኖሮ ለእኔ አምጥተው አሳዩኝ። ጤነኛ ጥርስ ነበር። ሥሩ ድረስ ጤነኛ። አገላብጬ አየሁትና «ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው» አልኳቸው።

ይህችን ቃል ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ በጋ ሕመሙ ኑሯቸውን ቀስ በቀስ ሲበላ ከመስኮቴ ሆኜ አየሁ። ለቅሶ ቤት መሄድ ተዉ፤ ለቅሶ ቤት ይሳማል። በገና ዘመድ ሊስማቸው ሲመጣ ፊታቸውን እያዞሩ «ኮራች» ተባሉ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላቸው፤ የዳማከሴው ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ሲያርፍ ግን ጮሁ። ጸበል ወሰዷቸው፤ ውሃው ቀኝ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ አሁንም ጮሁ፤ በዙሪያቸው ያለው ሰው «ይኸው፣ ጮኸ» አለ። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ በግራ በኩል ብቻ። ቀልድ አያልቅባቸውም። ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ናቸው። አንድ ቀን በጣታቸው ወደዚያ እያሳዩ፣ «እዚያ ላይ ነፋሱ ኮረንቲ ያወጣል ይላሉ። እኔ ፊት ላይም ያወጣል። መብራት ኃይል ምነው አይከፍለኝ?» አሉኝ።

በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሌላ ስትሪፕ ሰጠኋቸው።

ኋላ የዱቤ ደብተሬን ገልጬ ቆጠርኩ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 41 ስትሪፕ። 410 ፍሬ። በየመስመሩ የእኔ እጅ ጽሑፍ አለ፤ «ዲክሎ 2»፣ «ዲክሎ 3»። ከዚያው መስመር በታች «ኢናላፕሪል»፣ «ሃይድሮክሎሮ»። በአንድ ገጽ፣ በአንድ እስክሪብቶ።

ዲክሎፌናክና ወንድሞቹ፣ አይቡፕሮፌንም ጭምር፣ ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነት የሚያመርተውን አንድ ቅመም በማገድ ነው። ያው ቅመም ግን ኩላሊትም ውስጥ ሥራ አለው፤ የኩላሊትን የደም ሥር ከፈት አድርጎ ይይዛል፣ ጨውና ውሃ እንዲወጣ ይረዳል። ሲታገድ ጨው ይከማቻል፣ ግፊት ይወጣል፣ የኢናላፕሪልና የሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጉልበትም ይደክማል። ግፊት ባለበት ሰው ላይ ጭማሪው በአማካይ 5 ነጥብ ገደማ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሦስቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲዋጡ ደግሞ ኩላሊትን በአንድ ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ያጠቁታል። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ተምሬዋለሁ። ከዲክሎፌናክ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ቀጭን እጥፍ ወረቀት ላይም ተጽፏል። እኔ ያንን ወረቀት የማውቀው ሒሳብ ስደምርበት ነው፤ ስትሪፕ ቆርጠን በትንሽ ፌስታል ስለምንሸጥ ወረቀቱ ሁልጊዜ እኔ ጋ ይቀራል።

ሁዳዴ ሲገባ ባሰ። አዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ የግፊት መድኃኒታቸውን አንዳንድ ቀን ይዘሉታል፤ ማስታገሻውን ግን በባዶ ሆድም ቢሆን አይዘሉትም። የሚያመው ፊት እንጂ ግፊት አያምም። አንድ ከሰዓት ስለካቸው 190 በ110 አለ። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በሌላኛው ክንዳቸው ለካሁ። ከፍ ብሎ ነበር። «ሕመሙ ነው ያናረው፣ ሲያስታግስልዎ ይወርዳል» አልኳቸው። ዛሬም ራሴን ማጽናናት ስፈልግ የምደበቀው እዚህች ቃል ጀርባ ነው፤ እውነትነት አላትና። ከባድ ሕመም ግፊትን ያንራል። ግን ያን ዕለት ያሰብኩት ይህን አልነበረም። ያን ዕለት ያሰብኩት ሰልፉ መርዘሙን ነው።

ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ቀን እግራቸውና ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ። ግፊታቸው 210 በ120፣ የኩላሊት ምርመራቸው ከልክ በላይ። ዘጠኝ ቀን ተኙ። የጠየቃቸው ወጣት ሐኪም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላቸው «የለም» አሉ። ማስታገሻ መድኃኒት መሆኑ አልታያቸውም፤ ከዶክተርኮ የተገኘ፣ እንደ ቡና ያለ ነገር ነው። ፌስታሉን ያሳየችው ልጃቸው ናት። ዲክሎፌናኩም ኢናላፕሪሉም ቆሞ አምሎዲፒን ታዘዘላቸው። ልጅቷ ማዘዣውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ማስታገሻው ነው የጎዳት አሉ» አለችኝ፤ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ወሬ። እኔም «አዎ፣ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል» አልኳት። አንዳንድ ሰው። መድኃኒቱን ቆጥሬ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ፊታቸው ግን ያው ነው። በሐምሌ ልጆቹ ዕቁብ ጥለው አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ያየው ጥርሳቸውን አልነበረም፤ ሲያወሩ ሰማቸው፣ ኮረንቲው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በራሳቸው ጣት እንዲያሳዩት ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ጣታቸው ጉንጫቸውን ሳይነካ ከአየር ላይ መስመሩን ሳሉለት። በቃ፣ በዚህ ለየው። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይባላል። ከራስ ቅል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው፣ የፊትን ስሜት ተሸካሚው፣ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ነርቭ ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ በአንድ ወገን ብቻ ይይዛል። ፊትን የሚያጣምመው ሌላ ነው፤ እሱ የሰባተኛው ነርቭ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ጥርስ ማስነቀልም በዚህ በሽታ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ስሕተት ነው፤ በእኛ በኩል ብቻ የደረሰ አይደለም።

ያዘዘላቸው ካርባማዜፒን ነው። ልጅቷ ማዘዣውን ስትዘረጋልኝ መድኃኒቱን ለማምጣት ወንበር እንኳን አላስፈለገኝም። በዓይኔ ትክክል፣ ከዲክሎፌናኩ ሁለት መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ተደርድሯል። የሚጥል በሽታ ላለባቸው በየወሩ እሸጠዋለሁ። ለዚህ የፊት ሕመምም ሲሰጥ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዴ ያንን ሁሉ ወር ከመስኮቴ ፊት ቆመው ሲነዝራቸው፣ ፈውሳቸው ከእጄ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። «ዶክተርኮ! ፊቴን በሳሙና ታጠብኩ!»

ሐኪሙ ዕጢ ወይም ሌላ ነገር እንዳይኖር ብሎ ኤምአርአይ አስነስቷቸው ነበር። ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዘውልኝ መጡ፤ አሁንም የኔ አስተያየት እንዲጨመርበት። እኔ ከፊልሙ ምንም ማንበብ አልችልም። ከሥሩ የተጻፈውን ግን አነበብኩ፤ በቀኝ በኩል አንድ የደም ሥር ከነርቩ መነሻ ላይ ተጋድሟል ይላል።

ያን ሌሊት መብራት አጥፍቼ በስልኬ ሳነብ አመሸሁ። ዋልተር ዳንዲ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንደዚህ ዓይነት ሕመምተኞችን ራስ ቅል ሲከፍት ነርቩን የሚጫን የደም ሥር ደጋግሞ አይቶ ነበር። ከሱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ፒተር ጃኔታ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ በማይክሮስኮፕ እያየ የደም ሥሩን ከነርቩ ላይ አንስቶ በመካከላቸው መከዳ የሚያስገባ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። የደም ሥር በየትርታው ነርቩን ሲመታው የነርቩ ልባስ ይገፈፋል፤ እንደ ተላጠ ሽቦ። ወደ ቀጣዩ ገጽ ሳልፍ ግን ከአልጋዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ግፊት ለዓመታት ሲቆይ የደም ሥሮችን ያረዝማል፣ ያጠማዝዛል ይላል፤ የተጠማዘዘ የደም ሥር ደግሞ ከማይገባው ቦታ ይጋደማል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የታይዋን ጥናት ግፊት ያለባቸው ሰዎች በዚህ የፊት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም፤ ሲያጋንኑ ነው እኔ የሆንኩትን የሚሆኑት። ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ፊቱን አይነዝረውም፤ ምንም የማያማቸው ሰዎችም የደም ሥራቸው ነርቩን ነክቶ ይገኛል። የአዴን ሕመም ግፊታቸው አመጣው ብሎ ማንም ሊምል አይችልም። እኔ ግን አያመጣም ብዬ ምዬባቸዋለሁ። «ደም ብዛቴ ነው ፊቴ ላይ የወጣው» ያሉት ሴት ከኔ ይልቅ ለነገሩ ቀርበው ነበር፤ እኔ ደግሞ ስቄ፣ ያንኑ ደም ብዛት የሚያንር መድኃኒት በፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋቸው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ እንኳን አልታረምኩም። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

መስከረም 2012 ላይ፣ ካርባማዜፒኑን በጀመሩ በሁለት ወሩ፣ ግፊታቸው እንደገና ወጣ። 180 በ100። አምሎዲፒን 10 እየዋጡ። ተቆጣኋቸው። «አዴ፣ ጨው አልተዉም! እውነቱን ይንገሩኝ!» አልኩ፤ ሰው እየሰማ። «ወላሂ ትቻለሁ» አሉ፤ የማርያም ልጅ ናቸው፣ የወንጂ ጎረቤቶቻቸው መሐላ ነው ያመለጣቸው። በሌላ ጊዜ ብንሆን እንስቅ ነበር። በወሩ ሲመጡ ሳልጠይቃቸው ከቡናቸው ጨው እንኳን ማውጣታቸውን ነገሩኝ። እኔ ጋ ልምምድ ላይ የነበረች አንዲት ተመራቂ ፋርማሲስት ሁለቱን ማዘዣዎች ጎን ለጎን አድርጋ አየችና፣ ሰው ሲሄድ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ካርባማዜፒን እኮ ጉበትን ያነቃቃል። አምሎዲፒንን ቶሎ ያቃጥለዋል» አለችኝ። ጉበት ሥራውን ለማፍጠን ጥቂት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ቀኑ ልክ ይመጣ ነበር። ሐኪማቸው ዘንድ ደውለን መድኃኒቱ ተለወጠ፤ ግፊቱ ወረደ። ፋርማሲስቷ ለአዴ ምንም አልነገረቻቸውም፤ እኔን ጠብቃ መሰለኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ከዚያ «ለሴትዮዋስ ነገርካት?» አሉኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወንጂ ወረድኩ። በሸንኮራው መካከል ባጃጁ ሲሄድ ነፋስ ነበር። አዴ ቡና አፍልተው ነበር፤ ለእኔ ጨው አስቀምጠውልኛል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥርሱን፣ 410 ፍሬውን፣ «ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው» ያልኩትን፣ ጨዉን። ሳይናገሩ ሰሙኝ። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ደም ብዛቴ ነው ስልህ ለምን ሳቅህ?» አሉኝ። ስለ ኩላሊታቸው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር መልስ ያዘጋጀሁት።

«ዶክተር ስላልሆንኩ ነው፣ አዴ» አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከአልጋው ሥር ሳጥን ስበው አንድ ፌስታል አወጡ። የእኔ ፌስታል ነው፤ የመድኃኒት ቤቴ ማኅተም አለበት። ውስጡ ዲክሎፌናክ ነበር፤ ስድስት ስትሪፕ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ። «ይህን ውሰድልኝ። ጎረቤት ጥርሴን ባለ ቁጥር እየመጣ ይጠይቀኛል፤ አንተ የሰጠኸኝ ነው እያልኩ ስሰጥ ነው የከረምኩት።»

ግፊት ላለበት ሰውም ሰጥተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስኒውን አስቀምጠው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።